ኃይሉ ከየት መጣ? ስለ አዙሪት፣ ስለ ማግኔትና ስለ ባሌ ውሃ
(በሮቤ ከተማ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)



የዛሬው ርእሳችን ተማሪዎች በክፍል ውስጥ ደጋግመው የሚጠይቁኝ፣ ከክፍል ውጭም ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ ገበሬው ሲያገኘኝ የሚያነሳው ጉዳይ ነው። ውሃን ወይም አየርን በአዙሪት በማሽከርከር፣ አለዚያም ማግኔትን በማግኔት በማስገፋት፣ ያለ ናፍጣ፣ ያለ ፀሐይ፣ ያለ ግድብ መብራት የሚሰጥ መሣሪያ መሥራት ይቻላል ወይ? በየስልኩ የሚዘዋወረው ቪዲዮ ይቻላል ይላል። ማግኔቶች በክብ ተደርድረው ጎማ ሲያዞሩ፣ አምፖሉም ቦግ ሲል ይታያል። አንዳንዱ ደግሞ መሣሪያውን ለመጨረስ ገንዘብ አዋጡልኝ እያለ ይለምናል።

ይህን ጥያቄ በንቀት የሚያልፉ የተማሩ ሰዎች አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። የኤሌክትሪክ መስመር በራሱ ላይ አልፎ ሲሄድ እያየ በኩራዝ የሚያመሽ ሰው፣ ስንዴውን ለማስፈጨት አህያ ጭኖ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው፣ ሌላ መንገድ ይኖር ይሆን ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ነው። ተማሪም ያረጀ ዳይናሞ ፈታትቶ፣ ከተሰበረ ድምፅ ማጉያ ማግኔት አውጥቶ ሲሞክር ማየት ለእኔ ደስታ ነው። ሐሳቡን በቁም ነገር መመርመር ማለት ግን እስከ መጨረሻው መከተል ማለት ነው፤ እስከ መጨረሻው ስንከተለው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ያደርሰናል፦ ኃይሉ ከየት መጣ? ሌላ ቦታስ ምን ጎደለ?

መልሴን ከወዲሁ ላስቀምጥ። አዙሪትም ማግኔትም ኃይልን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ፣ ከአንድ መልክ ወደ ሌላ መልክ ያሸጋግራሉ እንጂ የኃይል ምንጭ አይደሉም። በማሸጋገር ሥራቸው የሚተካከላቸው የለም፤ ዛሬ በዓለም ላይ የሚመነጨው ኤሌክትሪክ አብዛኛው በእነሱ እጅ ያልፋል። ምንጩን ፍለጋ ግን ወደ ሌላ ቦታ ማየት አለብን፤ እዚህ ባሌ ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም።

ነገሩን በዓሣ እጀምራለሁ። ዲንሾ አካባቢ በዌብና በዳንካ ወንዞች ውስጥ ትራውት የሚባል ዓሣ እንዳለ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። የአገሩ ተወላጅ አይደለም፤ ባለፈው መቶ ዓመት ከኬንያ መጥቶ የተለቀቀ ነው። ቀዝቃዛና ጥሩ ውሃ ስላገኘ ተስማማው። ይህ ዓሣ በአዙሪት ኃይል ታሪክ ውስጥ ትልቅ ቦታ አለው። ምክንያቱም ቪክቶር ሻውበርገር የተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1885 እስከ 1958 የኖረው የኦስትሪያ ደን ጠባቂ፣ ሐሳቡን ሁሉ የጀመረው ትራውት በተራራ ወንዝ ውስጥ እንዴት እንደሚቆም በመመልከት ነበር። ውሃው እየተወረወረ ይወርዳል፤ ዓሣው ግን በመሀሉ ያለ ብዙ እንቅስቃሴ፣ ከአንድ ድንጋይ ኋላ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ሲደነግጥ ደግሞ ከወራጁ ጋር አይሸሽም፤ ሽቅብ ይወረወራል።

ሻውበርገር አስተዋይ ሰው ነበር፤ ይህን ልንነፍገው አይገባም። እ.ኤ.አ. በ1922 ከባድ ግንዶችን ከጫካ ወደ ታች የሚያወርድ የውሃ ቦይ ሠርቶ፣ አይሆንም ያሉትን መሐንዲሶች አስገርሟል። ቦዩ የተራራውን መታጠፊያ እየተከተለ ይሄዳል፤ ውሃው በቦዩ ውስጥ እየተጠማዘዘ ግንዱን መሀል ላይ እንዲይዝ አድርጎታል። ከዚያ በኋላ ግን ከሚያየው ነገር ወደ ማያየው ተሻገረ። ውሃ ወደ ውስጥ እየጠበበ በአዙሪት ሲዞር ከራሱ አዲስ ኃይል ይወልዳል፣ ይህን የሚያወጣ ማሽን ቤትን ሊያበራ፣ አውሮፕላንንም ሊያንቀሳቅስ ይችላል አለ። ቀዝቃዛ ውሃ ልዩ የመሸከም ብርታት አለው ብሎም ያምን ነበር። ውሃ በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሁሉ የበለጠ እንደሚከብድ እውነት ነው፤ በ4 ዲግሪና በ20 ዲግሪ መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ግን ከመቶ 0.2 እንኳ አይሞላም። በዚህ ልዩነት ላይ ማሽን አይቆምም። ከወሰደው በላይ ሲሰጥ በገለልተኛ መርማሪ የተለካ የሻውበርገር መሣሪያም እስከ ዛሬ የለም።

የዓሣው እንቆቅልሽስ? እሱን የፈቱት ሌሎች ናቸው። ተመራማሪዎች በአሜሪካ ትራውትን በላቦራቶሪ ወራጅ ውሃ ውስጥ ከአንድ ምሰሶ ኋላ አስቀምጠው፣ የጡንቻዎቹን እንቅስቃሴ በቀጭን ሽቦ ለኩ። ውሃ ምሰሶን ሲያልፍ ከኋላው በግራና በቀኝ ተራ በተራ ትንንሽ አዙሪቶች ይለቃል። ዓሣው አካሉን ከነዚህ አዙሪቶች ጋር እያስማማ በመካከላቸው ይጠማዘዛል፤ ጡንቻው በነጻ ወራጅ ውሃ ውስጥ ከሚሠራው በእጅጉ ያነሰ ይሠራል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2003 ታተመ። በ2006 የታተመው ደግሞ ከዚህም የሚያስደንቅ ነው፤ የሞተ ትራውት ከምሰሶው ኋላ ሲደረግ፣ ለስላሳ አካሉ በአዙሪቶቹ እየተወዛወዘ ሽቅብ ወደ ምሰሶው ተጓዘ። በድን ከወራጅ ውሃ ተቃራኒ ሄደ ማለት ነው!

ይህን ቪዲዮ ያለ ማብራሪያ ያየ ሰው ነጻ ኃይል ተገኘ ቢል አልፈርድበትም። ጥያቄያችንን እናንሳ፤ ኃይሉ ከየት መጣ? ከወራጁ ውሃ። ምን ጎደለ? ውሃው ምሰሶውን ሲያልፍ ፍጥነቱን ከፊሉን አጥቷል፤ ያጣው ወደ አዙሪት ተለውጧል፤ ዓሣውም ከአዙሪቱ ላይ ተቀበለ። ውሃው የሚወርደው ተራራው ከፍ ስላለ ነው፤ ወደ ተራራው ያወጣችው ደግሞ ፀሐይ ናት። የሻውበርገር ዓይን ትክክል ነበር፤ ሒሳቡ ነበር የጎደለው።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ፤ ከባድ አይደለም። ውሃ ወደ አዙሪት መሀል ሲቀርብ ይፈጥናል፤ ርቀቱ በግማሽ ሲቀንስ ፍጥነቱ እጥፍ ይሆናል። ከመሀሉ በ1 ሜትር ርቀት ላይ በሰከንድ 1 ሜትር የሚጓዝ ውሃ፣ ግማሽ ሜትር ላይ ሲደርስ በሰከንድ 2 ሜትር ይጓዛል። የእንቅስቃሴ ኃይሉ በፍጥነቱ ካሬ ስለሚለካ አራት እጥፍ አደገ ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «አራት እጥፍ! ይኸው ተፈጠረ» ይላል። የአዙሪቱን ገጽ ግን ተመልከቱት። መሀሉ ጎድጓዳ ነው። በዚህ ምሳሌ ውሃው ከአንድ ሜትር ወደ ግማሽ ሜትር ሲገባ ገጹ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ይላል። አንድ ኪሎ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ሲወርድ የሚያጣውና በፍጥነት ያገኘው ተካክለው ይገኛሉ። የአዙሪቱ ጉድጓድ ውሃው ለፍጥነቱ የከፈለው ሒሳብ ነው፤ በዓይናችን እናየዋለን።

በበጋ፣ ስንዴው ከታጨደ በኋላ፣ በሮቤ ሜዳ ላይ አቧራ እየጠቀለለ የሚነሳው ነፋስም እንዲሁ ነው። ኃይሉ ከመዞሩ አልመጣም። ባዶው ማሳ በፀሐይ ይግላል፣ የጋለው አየር ሽቅብ ይወጣል፣ ዙሪያው ያለው አየር ቦታውን ለመሙላት ሲሮጥ ይጠማዘዛል። ደመና ፀሐይን ሲጋርድ ይሞታል። በውቅያኖስ ላይ የሚነሳው ታላቁ አውሎ ነፋስም ሞቃቱን ባሕር ለቆ የብስ ሲረግጥ ይደክማል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀውን ነገር ልንገራችሁ። «ኃይል አይፈጠርም አይጠፋም፣ መልኩን ይለውጣል እንጂ» የሚለው ሕግ ራሱ በሙከራ የጸናው ውሃን በማሽከርከር ነው። እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በውሃ የተሞላ ዕቃ ውስጥ መቅዘፊያ አስገባ። መቅዘፊያውን የሚያዞሩት በገመድ የተንጠለጠሉና ቀስ ብለው የሚወርዱ ክብደቶች ነበሩ። ውሃው ተሽከረከረ፣ ሰበቃው ቀስ በቀስ አስቆመው፣ በመጨረሻም ውሃው በጥቂቱ ሞቀ። ጁል ደጋግሞ ለካ፤ ክብደቱ የወረደበትና ውሃው የሞቀበት መጠን ሁልጊዜ በአንድ ልክ ይገናኛሉ። በዛሬ መለኪያ ስንናገረው፣ ውሃ 427 ሜትር ወድቆ ጉልበቱ ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 1 ዲግሪ ይሞቃል። አዙሪት ትርፍ የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ፣ ከሁሉ በፊት የሚያገኘው ይህ ጠንቃቃ ሰው ነበር።

ስለ አዙሪት አንድ ነገር ልጨምር፤ በግሌ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው። በታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ውስጥ ያሉት 13 ተርባይኖች ፍራንሲስ የሚባሉ ናቸው፤ ስያሜው በ19ኛው መቶ ዓመት ንድፉን ካሻሻለው መሐንዲስ ከጄምስ ፍራንሲስ የመጣ ነው። በእነሱ ውስጥ ውሃው በቀጥታ አይገባም። እየጠበበ በሚዞር ትልቅ የብረት ቱቦ ተጠምዝዞ፣ በአዙሪት መልክ ነው ተሽከርካሪው ላይ የሚደርሰው። ተሽከርካሪው የሚሠራው ይህን አዙሪት መግፈፍ ነው። ውሃው እየዞረ ይገባል፤ በደንብ በተሠራ ተርባይን ውስጥ ሲወጣ ሳይዞር ቀጥ ብሎ ይወጣል። የተነጠቀው ዙረት በዘንጉ በኩል ወደ ጄኔሬተሩ ያልፋል። ሲወጣም መዞሩን ካልተወ ያ ሁሉ ዙረት የባከነ ኃይል ነው፤ አልፎ ተርፎም ከሥር ባለው መውጫ ውስጥ እንደ ገመድ የሚጠማዘዝ አዙሪት ፈጥሮ ማሽኑን ያንቀጠቅጠዋል። ከአዙሪት ኃይል የምናገኘው አዙሪቱን ስናጠፋው ነው። እየዞረ የሚኖር አዙሪት ለማንም ምንም አልሰጠም።

ዘላለም መዞርና ዘላለም መሥራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ይህን ልዩነት የያዘ ሰው በቀላሉ አይታለልም። ምድራችን ያለ ሞተር ትዞራለች። እጅግ በቀዘቀዘ ልዩ ብረት ውስጥ የተለቀቀ የኤሌክትሪክ ጅረት ባትሪ ሳይኖረው ለዓመታት ይዞራል፤ ይህ በሙከራ የተረጋገጠ ነው። ከእሱ ላይ አምፖል አበራለሁ ብላችሁ ስትቀንሱ ግን ጅረቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። መዞር ወጪ የለውም፤ መሥራት አለው።

አሁን ወደ ማግኔት እንምጣ። በማግኔት ብቻ የሚዞር ጎማ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ፔትረስ ፔሬግሪነስ የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1269 ስለ ማግኔት በጻፈው ታላቅ ደብዳቤ ውስጥ እንዲህ ያለ ጎማ ሥሏል። የሚያስገርመው፣ በዚያው ደብዳቤ ውስጥ ስለ ማግኔት ጫፎች የጻፈው አብዛኛው ትክክል ሆኖ ዛሬም ይጠቀሳል፤ ጎማው ግን ከዚያ ወዲህ በነበሩት ከ750 በላይ ዓመታት ዞሮ አያውቅም።

ለምን እንደማይዞር ለማሳየት ሁላችን የምናውቀውን መንገድ ልጠቀም። ከጎባ ተነስታችሁ የሳነቴን አምባ ወጥታችሁ፣ ወደ ሐረና ጫካ ወርዳችሁ፣ እንደገና ሳነቴን ወጥታችሁ ጎባ ብትመለሱ፣ በመንገዱ ላይ መኪናው ሞተሩን አጥፍቶ የሚንደረደርበት ረጅም ቁልቁለት አለ። ቁልቁለቱን ብቻ የቀረጸ ሰው መኪናው ያለ ነዳጅ ሄደ ብሎ ሊያሳያችሁ ይችላል። ጎባ ስትመለሱ ግን የወጣችሁት ዳገትና የወረዳችሁት ቁልቁለት እኩል ናቸው፤ በየትኛውም መታጠፊያ ብትሄዱ ይህ አይለወጥም። የማግኔት መስክም እንዲሁ ቁልቁለትና ዳገት አለው። ማግኔት ማግኔትን ሲስብ ቁልቁለት ነው፤ ሲላቀቅ ዳገት ነው። ጎማ ማለት ደግሞ ወደ ተነሳበት የሚመለስ መንገድ ነው። አንድ ዙር ሲሞላ የሰጠውና የወሰደው ይካካሳሉ፤ ከዚያ ላይ የኩሽኔታው ሰበቃ ይቀነሳል። ማግኔቱን ማጋደል፣ መጋረድ፣ በጠመዝማዛ መደርደር ዳገቱን ቦታ ያስለውጠዋል እንጂ አያጠፋውም።

በማግኔት ውስጥ የታመቀው ኃይልስ? አለ፤ ሆኖም ጥቂት ነው። ዛሬ ከሚሸጡት ሁሉ ብርቱ የሆነው ኒዮዲሚየም ማግኔት አንድ ኪሎው በዙሪያው የያዘው የመስክ ኃይል 100 ጁል አይሞላም። ሁሉንም አሟጠን ብናወጣው እንኳ 10 ዋት አምፖል ለ10 ሰከንድ አያበራም። ማግኔት ብርቱ የሚመስለን እጃችንን አጥብቆ ስለሚጎትት ነው፤ ነገር ግን ጠረጴዛም ድስቱን ዓመቱን ሙሉ ይሸከማል፤ ስለ ተሸከመ ብቻ ሥራ ሠራ አንልም።

«ታዲያ ጄኔሬተር በማግኔት አይደለም ወይ የሚሠራው?» ትሉኛላችሁ። አዎ፤ ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ ጅረት እንደሚነሳ አሳየ፤ የኤሌክትሪክ ዘመን የጀመረው ከዚያ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ ደግሞ ሄንሪክ ሌንዝ ሌላውን ግማሽ ተናገረ፤ የተነሳው ጅረት ሁልጊዜ የፈጠረውን እንቅስቃሴ ይቃወማል። ይህን እናንተም ታውቁታላችሁ። መብራት ሲጠፋ በየሱቁ የሚነሳው ጄኔሬተር፣ ፍሪጁ ወይም የእንጀራ ምጣዱ ሲጫንበት ድምፁ ይወፍራል፣ ናፍጣውም ቶሎ ያልቃል። በዳይናሞ መብራት ብስክሌት የነዳ ሰውም መብራቱን ሲያበራ ፔዳሉ እንደሚከብድ ያስታውሳል። በእያንዳንዱ አምፖል ልክ የሚገፋ ሰው፣ ውሃ፣ ነፋስ ወይም ነዳጅ ያስፈልጋል። ማግኔቱ ለዓመታት ሳያልቅ የሚሠራው ከራሱ ምንም ስለማይከፍል ነው።

ያለ ምንጭ ኃይል የማግኘት ሕልም ብዙ ሰው አክስሯል። በአሜሪካ ፊላዴልፊያ ጆን ኪሊ የተባለ ሰው ከ1870ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከጥቂት ውሃ ረቂቅ ኃይል አወጣለሁ እያለ ከባለ አክሲዮኖች ገንዘብ ሲሰበስብ ኖሮ በ1898 ሞተ፤ ቤተ ሙከራው ሲመረመር ከወለሉ በታች የታመቀ አየር ሊይዝ የሚችል ትልቅ የብረት ጋን ተገኘ። ጆሴፍ ኒውማን የተባለው ግን የሚያምንበትን የሚናገር ሰው ነበር ብዬ አስባለሁ፤ በማግኔትና በሽቦ ጥቅል የሠራው ማሽን ከወሰደው በላይ ይሰጣል ብሎ የአሜሪካን የፓተንት ቢሮ እስከ ፍርድ ቤት ተሟገተ። የአገሪቱ የመለኪያዎች ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1986 ማሽኑን ሲለካው በሁሉም ሙከራ የሰጠው ከወሰደው ያነሰ ሆነ። የአየርላንዱ ስቲዮርን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2006 በታዋቂው ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ሳይንቲስቶችን ለምርመራ ጋበዘ፤ በ2007 በለንደን ለሕዝብ ሊያሳይ የነበረውን ማሽን ሳያሳይ ቀረ፤ ራሱ የጠራቸው መርማሪዎችም በ2009 ኃይል ሲፈጠር አላየንም ብለው በአንድ ድምፅ ደመደሙ። የፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ግን ይህን ዓይነት ማሽን አልመረምርም ብሎ የወሰነው ገና እ.ኤ.አ. በ1775 ነበር።

አንድ ማሳሰቢያ ለወላጆችና ገንዘብ ለምትጠየቁ ሁሉ። «ፓተንት አለው» ማለት «ይሠራል» ማለት አይደለም። በአገራችን የፈጠራ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ፓተንት የሚሰጠው አዲስ ለሆነ፣ የፈጠራ ብቃት ላለውና በኢንዱስትሪ ሊተገበር ለሚችል ፈጠራ ነው፤ ፓተንት የባለቤትነት መብት ነው እንጂ የሚመነጨው ኪሎዋት የተለካበት ምስክር ወረቀት አይደለም። በአሜሪካ ሃዋርድ ጆንሰን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ለማግኔት ሞተር ፓተንት አግኝቷል፤ አንድም ቤት ግን በዚያ ሞተር አልበራም።

ስለዚህ ሰው መሣሪያ ይዞ ሲመጣ አትሳቁበት፤ ለኩለት። ቮልቴጅ ብቻ አትለኩ፤ ቮልቴጅ ያለ ጅረት ኃይል አይደለም፤ ርካሽ መልቲሜትርም በተቆራረጠ ጅረት ላይ ይስታል። ከሁሉ የሚታመነው መለኪያ ውሃ ነው። 10 ሊትር ውሃ በተሸፈነ ድስት ውስጥ አድርጋችሁ በመሣሪያው አሙቁት። ከ15 ዲግሪ ወደ 65 ዲግሪ ለማድረስ 2.1 ሚሊዮን ጁል ገደማ ያስፈልጋል፤ አንድ ኪሎዋት እሰጣለሁ የሚል ማሽን ይህን በ35 ደቂቃ ያህል ይሠራዋል። ከዚያ ውሃውን ቀይራችሁ ድገሙት፤ ሌሊቱንም በነጋታውም ድገሙት። የተደበቀ ባትሪ ያልቃል፤ የሚሽከረከር ከባድ ጎማ ውስጥ የተጠራቀመ ኃይልም ያልቃል። ሳምንት ሙሉ፣ ከውጭ ምንም ሳይገባበት ውሃ ያፈላ ማሽን ካለ፣ እኔ ራሴ ወደ መዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ይዤው እሄዳለሁ።

እስካሁን የተናገርኩት ስለማይሆነው ነው። ስለሚሆነው ዝም ብዬ ብሄድ ግን ግማሹን ሥራ ትቼ መሄዴ ነው።

እናስላ። የሳነቴ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ተራራ 4,377 ሜትር ይደርሳል። በሐረና ደን ማዶ ያለችው ደሎ መና 1,300 ሜትር አካባቢ ናት። በመካከላቸው 2,700 ሜትር ቁልቁለት አለ። አንድ ጀሪካን ውሃ፣ 20 ሊትር፣ ይህን ያህል ሲወርድ የሚያጣው ኃይል 530,000 ጁል ያህል ነው። 10 ዋት አምፖል ከ14 ሰዓት በላይ ማብራት የሚችል ማለት ነው። ከአንድ ኪሎ ማግኔት ጋር አስተያዩት! ይህ ውሃ ቀንና ሌሊት ይወርዳል፤ ኃይሉም ድንጋይ እያንከባለለ፣ ራሱን በጥቂቱ እያሞቀ ያልቃል። ወደ ላይ ያወጣችው ፀሐይ ዋጋ አልጠየቀችም። ነጻ ኃይል የሚባል ነገር ካለ ይህ ነው፤ የሚከፈለው ለቧንቧው፣ ለተርባይኑ፣ ለሽቦውና ለባለሙያው ነው።

ይህን አገራችን ታውቀዋለች። በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ ያለው የመልካ ዋከና ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ሲጀምር 153 ሜጋዋት ነበር፤ በ2012 ዓ.ም. የተመረቀው ገናሌ ዳዋ 3 ደግሞ 254 ሜጋዋት ነው። ሁለቱም ውሃቸው ከነዚሁ ተራሮችና ከአካባቢያቸው ደጋዎች የሚሰበሰብ ነው። እኔን ይበልጥ የሚስበኝ ግን ትንሹ ነው። ደሎ መና ላይ በያዶት ወንዝ የተተከለው ጣቢያ 0.35 ሜጋዋት ብቻ ነው፤ ከሶርና ከደምቢ ጣቢያዎች ጋር ከዋናው መስመር ውጭ ላሉ ከተሞች ከተሠሩት ትንንሽ ጣቢያዎች አንዱ ነው። በፖስተር ላይ አይታይም፤ ግን ለአንድ ወረዳ የሚሆን የኃይል ልክ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

አዙሪት ለሚወዱ ወጣቶችም እውነተኛ ሥራ አለ። ኦስትሪያዊው መሐንዲስ ፍራንስ ሶትለተረር በዚህ መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ ውሃ በክብ ገንዳ ውስጥ ገብቶ መሀል ባለው ቀዳዳ በአዙሪት ሲወርድ ቀስ ብሎ የሚዞር ተርባይን ሠርቷል። ከአንድ ሜትር ትንሽ ከፍ በሚል ውድቀት ይሠራል፤ ቀስ ብሎ ስለሚዞር ዓሣም ሳይጎዳ ያልፋል። ኃይሉ የሚመጣው ከውድቀቱ ነው፤ አዙሪቱ ውሃውን ለተርባይኑ ያመቻቻል። ለመስኖ ቦይና ለሜዳ ወንዝ ይሆናል። ለባሌ ዳገታማ ጅረቶች ግን፣ የእኔ ግምት፣ ባንኪ የሚባለው ተሻጋሪ ፍሰት ተርባይን ይሻላል፤ ከተቆረጠ የብረት ቧንቧና ከላሜራ በብየዳ ቤት ሊሠራ ይችላል፤ ሲበላሽም እዚሁ ይጠገናል።

ከመሥራት በፊት መለካት ይቀድማል፤ ለእሱ ደግሞ ሰዓት፣ ሜትርና ቱቦ በቂ ናቸው። ጅረቱ ቀጥ ብሎ የሚሄድበትን 10 ሜትር ምረጡ። ደረቅ እንጨት ጣሉና ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት ቁጠሩ። ስፋቱንና ጥልቀቱን በየቦታው ለክታችሁ አማካዩን ያዙ። 10 ሜትሩን ለሰከንዱ አካፍላችሁ በስፋቱና በጥልቀቱ አባዙ፤ የውሃው ገጽ ከሥሩ ስለሚፈጥን ውጤቱን በ0.8 አባዙት። 1 ሜትር ስፋት፣ 40 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጅረት 10 ሜትሩን በ16 ሰከንድ ቢሄድ፣ በሰከንድ 200 ሊትር ያህል ይወርዳል። ቁልቁለቱን በውሃ በተሞላ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ለኩት። 5 ሜትር ውድቀት ቢገኝ ሙሉ አቅሙ 9.8 ኪሎዋት ነው፤ ከመቶ 60 እጁን ብናገኝ ወደ 6 ኪሎዋት ይጠጋል። በመስመር ላይ ከሚባክነው በኋላ ወደ 90 ቤቶች ለእያንዳንዳቸው 60 ዋት ይደርሳቸዋል። የሚለካው ግን በክረምት አይደለም። ባሌ ዝናብ ሁለት ጊዜ ስለሚያገኝ ሰው በሞላ ውሃ ይታለላል፤ ዝቅተኛውን ፍሰት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ወራት ለክታችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ኑ፤ ንድፉን ከዚያ ላይ አብረን እንጀምራለን።